ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የግፊት መቀነሻ ገዛሁ

ሲወራ ያስቃል። ውሃችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። እኔ ደግሞ መርካቶ ወርጄ የውሃ ግፊት መቀነሻ ገዛሁ። ወንድሜ ሲሰማ «ከዚህ ውሃ ላይ ደግሞ ምኑ ይቀነሳል?» አለኝ።

ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው። ሰፈሩን የሚያጠጣው ማጠራቀሚያ ከላይ ኮረብታው ላይ ተቀምጧል። ውሃ በቧንቧ 10 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ተነስታ አቃቂ እስክትደርስ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትወርድ ከተማ ናት። አንዱ ሰፈር ጠብታ ሲጠብቅ ሌላው ጋ ቧንቧ ይፈነዳል። እኛ ከሚፈነዳባቸው ወገን ነን።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የምትነቃው እናቴ ናት። ግድግዳው ውስጥ ቧንቧው ዷ ዷ ይላል። የሮቶው ፍሎተር (ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) አልችል ይልና ውሃው ከላይ እየፈሰሰ ያድራል። የሽንት ቤቱም እንደዚያው። ቀዝቃዛ ቡና የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምሬ ሳላወርድ ብጠብቅ፣ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቡኒ ሆኖ አገኘሁት፤ ያፈሳል ማለት ነው። ፍሌክሲብል (ተጣጣፊዋን የውሃ ቱቦ) ስንቴ እንደቀየርኩ አልቆጥርም።

ከነዚያ አንዱን ሊቀይር የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ «እማማ፣ ሰው ውሃ አጥቶ ያለቅሳል፣ እናንተ በዛብን ትላላችሁ» አላት። እሷም «ልጄ፣ በዝቶ አይደለም፤ ተቆጥቶ ነው የሚመጣው» አለችው።

እውነቷን ነው። የግፊት መለኪያ ጌጅ ገዝቼ ግቢው ቧንቧ ላይ አሰርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሮቶውን ሞልቶ ሲተኛ፣ 6 ባር አነበበ። ጠዋት ሰው ሁሉ ሲቀዳ 4 ነበር። ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ነው ግፊቱ የሚያይለው። የሚንጠባጠበው ነገር ሁሉ ደግሞ በዚያ ሰዓት ይበረታል፤ ቆጣሪው አይተኛም።

አሁን ወደ ዕቃው። ጣሊያን ሠራሽ፣ 3/4 ኢንች፣ ጡጫ የሚያክል። ውስጡ ስፕሪንግና የጎማ ሽፋን ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ከሱ በኋላ ያለው ግፊት ሲጨምር ጎማው ተገፍቶ መግቢያውን ያጠባል፤ ሲቀንስ ስፕሪንጉ መልሶ ይከፍተዋል። መብራት አይፈልግም፣ ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከፋብሪካ 3 ባር ላይ ተስተካክሎ መጥቷል፤ አልነካሁትም። ከቆጣሪው በኋላ ይገባል። ጎኑ ላይ የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ያስገባልኝ ባለሙያ ቀስቱን ሳያይ ገልብጦ አስሮት ግማሽ ቀናችን ባክኗል። እናንተ እዩለት።

ለውጡን በሃይላንድ ነው የለካሁት። ቆጣሪው አጠገብ፣ ከመቀነሻው በኋላ በሚሆነው መስመር ላይ፣ የምታፈስ አንድ መጋጠሚያ ነበረች። ሆን ብዬ ሳላሠራት ቆየሁ። በ6 ባር አንድ ሊትር ሃይላንድ በ4 ደቂቃ ትሞላ ነበር። በ3 ባር ወደ 6 ደቂቃ ወሰደባት። ቀዳዳው ያው ነው፣ ውሃው ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ይሄ እንግዲህ የማይሰፋ የብረት ቀዳዳ ነው። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ቧንቧ ግፊት ሲበዛበት ስንጥቁ ራሱ ስለሚከፈት፣ ግፊቱን በግማሽ ስትቀንሱለት የሚፈሰው ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል።

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ይሄንኑ ነገር በሰፈር ደረጃ ሠርታዋለች። ካየሊቻ በሚባለው ሰፊ መንደር የየቤቱ ሽንት ቤትና ቧንቧ ሌሊቱን ሲያፈስ ያድር ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. መግቢያው ላይ ትልልቅ የግፊት መቀነሻዎች ተተከሉ፤ በዓመት ወደ 9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ተረፈ። የእናቴን ሽንት ቤት በሺዎች አባዙት ማለት ነው።

ጉድለቱስ? ፈረቃ አይስማማውም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ እየገፋ ነው የሚመጣው። ውስጡ ያለችው ወንፊት ጥፍር ታክላለች፤ በሁለተኛው ወር ተደፍና ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። ስፈታት ቀይ ጭቃና የቴፍሎን ቁራጭ ወጣ። አሁን ከፊቱ ለብቻው ትልቅ ማጣሪያ አስገብቻለሁ። ይሄ ማጣሪያ አብሮ መሸጥ ነበረበት፤ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነገረኝም። ደግሞ ሻወራችሁ ደካማ ከሆነ ከዚህ ዕቃ ምንም አትጠብቁ። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ የጣሪያችሁን ከፍታ ያህል ብቻ ነው።

ሮቶው ግን ከዚያ ወዲህ ፈስሶ አያውቅም። እናቴም ውሃ መምጣቱን የምታውቀው ጠዋት ሆኗል፤ «ጠፋ እንዴ?» ብላ ሁለቴ ቀስቅሳኛለች። ከ10 8 እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱን የቀነስኩት ለወንፊቷ ነው።

ከላይ ያለው ጎረቤታችን ሰምቶ ሊገዛ ተነሳ። መጀመሪያ ለካ ብዬ ጌጄን አዋስኩት። ሌሊት 2 ባር አነበበለት። እዚያ ላይ መቀነሻ ማስገባት ብር መጣል ነው፣ ተወው አልኩት። ተወው። ጌጁን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።