የልብ የደም ምርመራ ፓኬጅ፦ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ

ሰሞኑን «የልብ ስጋት ምርመራ» የሚሉትን የደም ፓኬጅ አሰርቼ ነበር፣ የላብራቶሪው ስም ይቅርና እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ደም የቀዳችኝ ልጅ ላይ ወቀሳ የለኝም፣ አንዴ ወጋች አለቀ፣ ውጤቱም በማግስቱ ስልኬ ላይ ገባ። ጉዱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ሲአርፒ 14 ይላል፣ ጎኑ ላይ ቀይ ቀስት፣ ከስሩ «ከፍተኛ የልብ ስጋት»። በቃ! ሌሊቱን ደረቴን እየዳበስኩ አደርኩ። እኔ እኮ ከዛ በፊት ሶስት ቀን በቶንሲል ተኝቼ ገና የተነሳሁ ሰው ነኝ፣ ሲአርፒ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፣ ቶንሲል ይሁን ጥርስ ይሁን የልብ ደም ስር እሱ አይለይም። ለልብ ሲታይ ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ነው የሚባለው፣ ከ10 ካለፈ ግን መጀመሪያ ኢንፌክሽን ምናምን ይፈለግና ሲሻልህ ይደገማል። ደም ከመቅዳታቸው በፊት «ሰሞኑን አሞህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ? ከሶስት ሳምንት በኋላ ስደግመው 1.2 ሆኖ አረፈው።

የሚያናድደው ደግሞ ዋናው ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ተደብቆ ነበር። ሊፖፕሮቲን ኤ 92፣ ኮሌስትሮል ተሸክሞ ደም ውስጥ የሚዞር፣ ሲበዛ ለልብ የሚያሰጋ ቅንጣት ነው። ቀስት የለው፣ ዩኒት የለው፣ ቁጥሩ ብቻ። ይሄ በሁለት መለኪያ ነው የሚሰራው፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ከ50 በላይ ከፍተኛ ነው፣ በናኖሞል በሊትር ከሆነ ግን ከፍተኛ የሚባለው ከ125 ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ 92 አንዱ ጋ አስደንጋጭ ሌላው ጋ ከፍተኛ ከሚባለው በታች ነው ማለት ነው። ደወልኩ፣ «ለሀኪም አሳየው» አሉኝ። ሀኪሙስ ከየት ያምጣው? ሁለተኛ ስደውል ሌላ ልጅ አነሳና አጣርቶ ሚሊግራም ነው አለኝ።

ሀኪሜ እንዳስረዳኝ ይሄኛው በዘር የሚመጣ ነው፣ ስፖርት ብትሰራ ምግብ ብታስተካክል ብዙም ንቅንቅ አይልም፣ ለአብዛኛው ሰው በህይወት አንዴ መለካቱ ይበቃል። ስለዚህ ሌላውን ማጥበቅ ነው፣ ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ሲጋራውን።

አፖ ቢ የሚባለውም አለበት፣ ደም ስር ውስጥ የሚለጠፉትን የስብ ቅንጣቶች እንደመቁጠር ነው፣ ለእያንዳንዷ ቅንጣት አንድ አፖ ቢ ስላለ። የኔ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ሶስቱ ኮከብ ለልጅቷ እጅና ያቺን 92 ስላገኙልኝ ነው። ታናሽ ወንድሜንም ሙሉ ፓኬጁን ትተህ ሊፖፕሮቲን ኤዋን ብቻ አሰራ ብዬዋለሁ፣ ዩኒቷን ሳያጽፉልህ ግን እንዳትወጣ ብዬ።