የመኪናችሁ መስታወትና ሎክ ያስቸገራችሁ ይሄን ልጅ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

ወጣ! ወረደ! ደግሞ ወጣ! ዛሬ ሳሪስ መንገድ ዳር ቆሜ የሹፌር መስታወቴን አስር ጊዜ ሳላወጣው ሳላወርደው አልቀረሁም፣ አላፊ አግዳሚው ሴትዮዋን ምን ነካት ብሎኝ ይሆናል፣ ይበል። ሦስት ወር ሙሉ አንዴ ተከፍቶ አልዘጋ አንዴ ተዘግቶ አልከፈት ሲለኝ የከረመ መስታወት ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። መስታወቱ ግማሽ ላይ ቀረ፣ ስዊቹን ብጫን ብጎትት ወይ ፍንክች። ሳምንት ሳይሞላው ሎኩም አመል አወጣ፣ እየነዳሁ በራሱ ቀጭ ቀጭ እያለ ይዘጋል ይከፈታል፣ ስፈልገው ደግሞ ጭጭ። ክረምቱን እንግዲህ አስቡት። በፌስታልና በፕላስተር ሸፍኜው፣ ወንበሩ ላይ ማዳበሪያ አንጥፌ፣ ግራ ክንዴ በስብሶ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም ዘነበብሽ?" እያሉ ይስቁብኛል።

የመጀመሪያው ጋራዥ (ስሙን አልጠራም፣ እግዜር ይይለት) ገና በሩን ሳይፈታ "ሞተሩ ነው" አለኝ። ሞተር 6,500 ብር፣ የእጅ 1,500፣ መኪናዋን ሦስት ቀን አስቀመጧት። ሠራ፣ እውነት ለመናገር ሠራ፣ በሁለተኛው ቀን ግን መስታወቱ ተመልሶ ቁጭ። ስመለስ "እኛ የሰጠንሽ ሞተር ደህና ነው፣ ሌላ ችግር ነው" ብለው ሸኙኝ። ሁለተኛው ቤት ስዊቹ ላይ የሆነ ዘይት በጣሳ ነፋበት፣ እዛም እዚህም ሽቦ ቆረጠ፣ መጨረሻ ላይ መስታወቱን በእጁ ወደ ላይ ገፍቶ ዘጋውና "በቃ አትንኪው" አለኝ፣ 2,200 ብር ተቀብሎ! እንዳልነካው ነው የከፈልኩት ማለት ነው። እናቴን ለማየት በየአስራ አምስት ቀኑ አዳማ እወርዳለሁ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ካርዱን የምቀበለው በሩን ከፍቼ በግማሽ ወርጄ ነው፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቅብኛል። አንዴማ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ በሩን ስከፍት "ተቀመጪ! ማን ውረጂ አለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ።

ሦስተኛው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ገና ሳያያት "የመኪናሽ ኮምፒውተር ሄዷል፣ 42 ሺህ ብር አዘጋጂ" አለኝ። ምኑ ነው የሄደው ብዬ ስጠይቅ "ማዘር አንቺ አይገባሽም፣ ባለቤትሽን ላኪው"። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። መኪናዋም የሱ ነበረች፣ መንዳት የተማርኩት ከሱ በኋላ በ49 ዓመቴ ነው። ምንም አልመለስኩለትም፣ "ምርመራ" ብሎ የጠየቀኝን 1,000 ብር ከፍዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ መስታወቱም ዝግ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።

ይሄን ልጅ ያገኘሁት ጎማ ላስነፋ ስቆም ነው። ጎሚስታው የፌስታሉን ፕላስተር ርዝራዥ አይቶ "ለመስታወት ከሆነ እዛች ቆርቆሮ ቤት ያለው ልጅ ጋ ሂጂ" አለኝ። ጋራዥ አትሉትም፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሲጋራ ሳጥን የምታክል የብየዳ ዕቃ፣ ሁለት ዱካ። ልጁ ሰላሳ የሞላው አይመስለኝም። ተነስቶ ዱካውን ሰጠኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ ብር አይደለም፣ "ማዘር መቼ ጀመራት? ዝናብ ገብቶባት ነበር?" ነው ያለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዛ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ጫፏ ላይ ትንሽ አምፖል ያላት ሽቦ እጄ ላይ ሰጠኝ። "እርስዎ ይያዟት፣ እኔን አይመኑኝ፣ አምፖሏን ይመኑ" አለኝ። እዚህ ሲያስነካኝ በራች። "እስከዚህ መብራት አለ ማለት ነው።" ወዲያ ማዶ አስነካኝና ስዊቹን ተጫነው፣ አልበራችም። "አዩ? ስዊቹ ውስጥ ነው የቀረው። ኮምፒውተርዎም ሞተርዎም ደህና ናቸው።" ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እንዲህ የሚያስረዳ መምህር ብዙ አላየሁም።

ስዊቹን ጋዜጣ ላይ ፈታው። ውስጡ ዝናቡና ያ የተነፋበት ዘይት ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ከጭቃው መሀል አንዲት የሱፍ ልጣጭ በወረንጦ አወጣ። የቆሎ ሱፍ! ባለቤቴ መሪ ከያዘ ሱፍ ሳይቆረጥም አይነዳም ነበር፣ ልጣጩን እዛው በር ላይ ነበር የሚያራግፈው፣ ስንት ቀን ተጣልተንበታል። እኔ መሳቅም ማልቀስም ሲያቅተኝ ልጁ ወረንጦውን አስቀምጦ ምንም ሳይለኝ ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ ልጣጯን ጋዜጣው ጥግ ላይ ለብቻዋ አስቀምጧት ነበር፣ አልጣላትም። ጥፋተኛው ግን ሱፉ አይደለም ብሎኛል፣ ይመዝገብልኝ።

የስዊቹን ነሃሶች በምን እንደጠረጋቸው ልንገራችሁ፣ በላጲስ! በተማሪ ላጲስ። የሎኩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፣ በሩ ማጠፊያ ጋ ያለችውን ላስቲክ ገፎ ሲያሳየኝ በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሲተጣጠፉ የኖሩ ሁለት ሽቦዎች ተበጥሰዋል፣ አንዱ በክር ነው የቀረው። ቀጠላቸው፣ በየዳቸው፣ ከዛ በኋላ ያለውን እኔም አልገባኝም። ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። ስንት ልክፈል ስለው 900 ብር። ተሳስቶ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። "ሶማሌ ተራ ልኬ አዲስ ስዊች ላስገዛዎት እችል ነበር ማዘር፣ ግን የእርስዎ ደህና ነው" አለኝ። እኔ እኮ 11,200 ብር ከስክሼ ነው እሱ ጋ የደረስኩት!

"ስዊቹ ላይ ዘይት እንዳያስነፉ፣ ሊጨስ ሁሉ ይችላል" ብሎኝም ነበር። ማታ ልጄ በስልኩ ፈልጎ አሳየኝ፣ ለካ ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ የሹፌር በር ስዊች ምክንያት ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና ጠርቶ ነበር፣ ያልሆነ ቅባት ከተነፋበት ሊቀልጥ እንደሚችልም ተነግሯል። የኔዋ ቶዮታ አይደለችም፣ ግን የቆርቆሮ ቤቱ ልጅ ያወቀውን ባለትልቅ ግቢው ጋራዥ እንዴት አያውቀውም?

ስሙንና ስልኩን እዚህ ያልፃፍኩት እሱ ራሱ "ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ሰው ከበዛ አበላሻለሁ" ስላለኝ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ ፃፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። በተለይ እህቶቼ፣ ባልሽን ላኪው የተባላችሁ ሁሉ፣ እሱ ጋ ሂዱ፣ አምፖሏን እናንተው ትይዛላችሁ። እሁድ አይሠራም፣ ሌላ ቀን እስከ 11 ሰዓት አለ። ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፣ እናትህ ትባረክ። ስትሄዱ "የሱፏ ቲቸር ላከችን" በሉት፣ ያውቃል።