ካውያችንን የቀማን መርከብ

ካውያ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ይቺን ቀድሜ ልበላችሁ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ባለፈው ሰኔ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና አማቴ ከማያሚ ተነስተን የ7 ሌሊት ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ሄድን። ጃማይካ፣ ግራንድ ኬይማን፣ የሜክሲኮዋ ኮዙሜል፣ ከዛ ተመልሶ ማያሚ። ለሁላችንም የመጀመሪያችን ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ፣ ደግሞ በልብስና በጉርሻ ጉዳይ ትልልቆቹ ድርጅቶች ያን ያህል አይለያዩም።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ወር ሙሉ ያጨቃጨቀን ልብስ ነው። ከሰባቱ ማታ ሁለቱ "ፎርማል ናይት"፣ ማለትም ዘንጦ ራት የሚገባበት ማታ፣ ነው ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴ ከሰርጋችን ወዲህ ያልነካውን ሱፍ አውጥቶ ሞከረው፣ ቁልፉ አልደርስ አለ። አዲስ ይገዛ? ክራቫትስ? ለ7 ዓመቱ ልጅ ሙሉ ልብስ እንከራይለት ወይስ ሸሚዝ ይበቃዋል? አንድ ጓደኛዬማ ረጅም ቀሚስ ካልለበስሽ በር ላይ ይመልሱሻል ብላ አስፈራራችኝ። ስለ ጉርሻ ግን አንድም ቀን አላወራንም። ልብሱ ምንም ሆኖ ቀረ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ነው አፋችንን ይዘን የቀረነው።

መጀመሪያ ስለ ካውያዋ። አማቴ ለፎርማል ናይቱ ጥለቱ ወርቃማ የሆነ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ይዘዋል፣ የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ካውያ ያዝን። እሳቸው ለኔ ሳይነግሩኝ ጀበናና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጨምረዋል፣ እጣንም አለ። ወደብ ላይ ሻንጣ ለተሸካሚ አስረክባችሁ ነው የምትገቡት፣ ማታ ክፍላችሁ በር ላይ ታገኙታላችሁ። አራቱ መጡ። የአማቴ ሻንጣ የለም። ኋላ ስልክ ተደወለና ምድር ቤት አንድ ክፍል ውረዱ ተባልን። እዛ ብዙ ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ የደበቀው ውስኪ ተይዞበት ይከራከራል። የኛን ሻንጣ አስከፍተው ካውያና ምድጃውን ወሰዱ፣ ደረሰኝ ሰጡን፣ ስትወርዱ ትቀበላላችሁ አሉ። እጣኑን መለሱልን፣ ግን እንዳታጨሱት ተባለ። መርከብ ላይ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ነው፣ ስለዚህ የሚግል ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ልክ ናቸው። ግን ትኬቱን ስንገዛ ስለ ኮክቴል አሥር ኢሜይል የላከ ድርጅት ስለ ካውያ አንድ መስመር በጉልህ ቢጽፍ ምን ነበረበት?

አማቴ ያን ሳምንት የመርከቡን ቡና ጠጡ። የሰሃን እጣቢ ነው ብለው ነው የጠጡት፣ ግን ጠጡ።

ቀሚሱን ያዳነልን የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ነው። በሩን ዘግታችሁ ሙቅ ውሃ ትለቃላችሁ፣ ቀሚሱን በመስቀያ ከፍ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ትተዉታላችሁ፣ ከዛ በእጅ እያለሰለሱ ማውረድ ነው። እንደ ካውያ አይሆንም ግን ያስኬዳል። ከፍላችሁ ማስተኮስም ይቻላል። አንዳንድ መርከቦች ላይ ካውያ ያለበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፣ የኛ ላይ አልነበረም።

ፎርማል ናይት ደረሰ። አማቴ በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ፣ ባለቤቴ በሱሪና በኮት ያለ ክራቫት፣ እኔ ለአንድ ሰርግ በገዛኋት ቀሚስ። ገብተን ዞር ዞር ስንል ሰዉ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጥቁር ቶክሲዶ የለበሰ ሽማግሌ አለ፣ አጠገቡ ጂንስና ሸሚዝ የለበሰ አለ፣ ማንም ለማንም ግድ የለውም። የተመለሰ ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እጅጌ በሌለው ካናቴራ፣ በኮፍያና በሸበጥ የመጣ። በሌላው ቀን ማታ ደህና ቁምጣ ለብሶ የገባ አይቻለሁ። የዋና ልብስ ግን በየትኛውም ቀን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አያስገባም። ልብስ መቀየር ያስጠላው ደግሞ ላይ ያለው ቡፌ አለለት። የ13 ዓመቷ ልጄ ሁለተኛውን ፎርማል ናይት እዛው ፒዛ እየበላች አሳለፈችው፣ ቀሚሷ ከሻንጣ ሳይወጣ ተመለሰ። ሙሉ ልብስ ለመከራየት ያሰብኩትን ገንዘብ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል፣ እንኳን ቀረ።

የምሽቱ ኮከብ አማቴ ነበሩ። ከአዳራሹ ውጪ የመርከቡ ፎቶ አንሺዎች መጋረጃ ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ ሲያነሷችሁ በነጻ ይመስላል፣ በማግስቱ ስትገዙት ግን ዋጋው ያስደነግጣል። ሦስት ሴቶች መጥተው አብረን እንነሳ አሏቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እያሉ ተነሱ። እና ያ ነጠላ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መመገቢያው፣ ቲያትር ቤቱ፣ ሁሉም ቦታ ኤሲው አጥንት ይሰብራል። ሁላችንም በየተራ ነጠላዋን ለመነን። ሹራብ ያዙ፣ ካላችሁም ጋቢ።

አንድ የልብስ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ሬንጀር፣ ማለትም የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ፣ ጃማይካ ውስጥ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው። ባርቤዶስም እንደዚያው። ለሕጻንም ቢሆን አታልብሱት። የልጄ አንድ ቁምጣ እንደዛ ነበረች፣ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ማታ በድምጽ ማጉያ ሲናገሩ ነው ያወቅነው።

አሁን ወደ ጉርሻው።

መርከቡ ላይ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። በሩን የምትከፍቱባት ካርድ ናት ሁሉንም የምትከፍለው፣ እሷ ደግሞ ከባንክ ካርዳችሁ ጋር ታስራለች። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሂሳቡን በስልኩ ሲያይ "ይሄ በየቀኑ 85 ዶላር የሚነሳው ምንድነው?" አለ። ጉርሻ ነው። በሰው በቀን 17 ዶላር። አምስት ሰው ነን፣ ሰባት ቀን ነው፣ 595 ዶላር! ልጅ ተብሎ አይቀነስም፣ የ7 ዓመቱም እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ድርጅቶች ላይ እንደ ክፍሉ ዓይነት ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው የሚያስከፍሉት፣ ስዊት የሚባለውን ሰፊ ክፍል ከያዛችሁ ከዛም ያልፋል። የትኬት ዋጋ ስታወዳድሩ ይሄን አስልታችሁ ደምሩበት፣ ቀድማችሁ መክፈልም ይቻላል። እኛ ስንገዛ ተጠይቀን ነበር አሉ። ሳላነብ "ቀጥል" የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

አማቴ ሲሰሙ "ጉርሻ በግድ ሆነ እንዴ?" አሉ። ባለቤቴ "እማዬ፣ አንቺ መቼ ጠይቀሽ አጉርሰሽን ታውቂያለሽ?" አላቸው። ሳቁ።

ከዛ ውጪ ሌላም አለ። መጠጥ ባዘዛችሁ ቁጥር፣ የኛ መርከብ ላይ፣ 18 በመቶ ከላዩ ይጨመራል፣ ስፓና የሚከፈልበት ምግብ ቤትም እንደዚሁ። የሚያናድደው ግን ደረሰኙ ነው። 18 በመቶው ተደምሮ ካለቀ በኋላ ከታች "ተጨማሪ ጉርሻ" የሚል ባዶ መስመር ይተዉላችኋል። ባለቤቴ ሬስቶራንት ውስጥ እንደለመደው ሁለት ቀን ሙሉ ለእያንዳንዱ መጠጥ 3፣ 3 ዶላር ሲጽፍ ከረመ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምቶ እኮ ነው፣ ሁለት ያጎርሳል! ያን መስመር ባዶ ብትተዉት ማንም አይቀየማችሁም። ይሄ አሠራር አልተመቸኝም፣ የማያውቅ ሰው ኪስ ላይ የተጠመደ ወጥመድ ነው የመሰለኝ።

የቀን ተቀን ጉርሻውን ግን ማስቀነስ ይቻላል። እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ አንሱልኝ ብትሉ ያነሱላችኋል። የመጨረሻው ማታ ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር፣ ግማሹ ለዚሁ የቆመ ይመስለኛል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሄጄ ግማሹን ላስነሳ ብዬ ነበር። 595 ዶላር ለኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴ አልሄድም አለ። እሱ አሜሪካ እንደገባ ዲሲ አንድ ሆቴል በር ላይ አራት ዓመት የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው ነው፣ የመጀመሪያ አፓርታማችን የተከፈለው በዛች አንድና ሁለት ዶላር ነው። "ቁልፉን ተቀብሎኝ ፊቴን ሳያይ የሚሄደውን አንቺ አታውቂውም" አለኝ። ዝም አልኩ።

ኋላ እኛን የሚያስተናግደንን ልጅ ጠየቅኩት። ኢንዶኔዥያዊ ነው፣ ኮንትራቱ ዘጠኝ ወር ነው፣ በነዚያ ወራት ሙሉ እረፍት የሚባል ቀን የለም። መርከቦቹ አብዛኞቹ የተመዘገቡት ባሃማስና ፓናማ ስለሆነ የአሜሪካ የደሞዝ ሕግ አይነካቸውም። ጉርሻው ለአስተናጋጆቹና ክፍል ለሚያጸዱት፣ ከጀርባ ለሚሠሩትም ይከፋፈላል፣ ለብዙዎቹ ደሞዛቸው ማለት እሱ ነው። ድርጅቱ በትኬቱ ዋጋ ላይ አስገብቶ ራሱ ቢከፍላቸው ይሻል ነበር። ግን ያን ጥል ከልጁ ኪስ አውጥቼ አልጣላም።

ይሄው ልጅ ነው የአማቴን የሰኔ ጾም የያዘላቸው። የመጀመሪያ ቀን ስጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይበሉም ብዬ ነገርኩት። ከዛ በኋላ በየማታው የነገውን ዝርዝር ይዞ መጥቶ ያስመርጣቸዋል፣ ኩሽናው ውስጥ የህንድ ምግብ የሚሠሩ ስላሉ ምስርና ሽምብራ አልጠፋም። የያዝነው የ5 ሰዓት ተኩሉ ራት፣ በኛ አቆጣጠር አሥራ አንዱ ተኩል መሆኑ ነው፣ ለጿሚ ልኩ ነው። በመጨረሻው ማታ ለሱ 40 ዶላር፣ ክፍላችንን ለሚያጸዳው፣ በፎጣ ዝንጀሮና ዝሆን እየሠራ ትንሹን ለሚያስቀው፣ ሌላ 40 በፖስታ ሰጠን። ግዴታ አይደለም። የበለጠ ደስ ያላቸው ግን በኋላ በሚላከው መጠይቅ ላይ ልንጽፍላቸው ብለን ስማቸውን ስንጠይቃቸው ነው፣ አለቆቻቸው ያዩታል አሉ።

ጥሬ ገንዘብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከመርከቡ ውጪ ነው። የወደብ ተሸካሚው የመርከቡ ሠራተኛ አይደለም፣ በሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር ስጡት። መርከቡ ላይ ደግሞ ክፍላችሁ ድረስ ምግብ ለሚያመጣ ሁለት ሦስት ዶላር። ከቤት ስትወጡ መቶ ዶላር በአንድና በአምስት አዘርዝራችሁ ያዙ፣ መርከቡ ላይ ዝርዝር ማግኘት መከራ ነው። ሳንቲም አትስጡ፣ እነሱ አገር የአሜሪካ ሳንቲም የሚመነዝር የለም።

ጃማይካ የቆምንበት ወደብ ኦቾ ሪዮስ ላይ ደንስ ሪቨር ወደሚባለው ፏፏቴ ሄድን። ርዝመቱ ወደ 180 ሜትር የሚሆን፣ ከፍታው ግን ከዛ በጣም የሚያንስ ፏፏቴ ነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ በውሃው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። የሚመራችሁ ልጅ ጉርሻ ይጠብቃል፣ የባለቤቴ ብሮች ኪሱ ውስጥ ራሰው ተጣብቀው አንድ በአንድ ሲላጣቸው ነበር። ላስቲክ ውስጥ ክተቱ። የውሃ ጫማም ከቤት ያዙ፣ እዛ ውድ ነው።

ሲመልሰን ሾፌሩ ከየት ናችሁ አለ። ከሜሪላንድ አልን። "አይ፣ ከዛ በፊት" አለ። ኢትዮጵያ ስንለው ሬዲዮውን አጠፋ። ጃንሆይ በ1966 እ.ኤ.አ. ኪንግስተን ሲመጡ አባቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ እንደነበር ነገረን፣ አማቴን በመስታወት እያየ ነው የሚያወራው። ስንወርድ አማቴ 10 ዶላር ዘረጉለት፣ እምቢ አለ። እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ግን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተው ኪሱን መታ መታ አድርገው ዘወር አሉ።

ግራንድ ኬይማን ጥሩ ነው፣ መርከቡ ወደብ ስለማይጠጋ በትንሽ ጀልባ ነው የሚወጣው፣ ጠዋት ቀድማችሁ ተነሱ። ኮዙሜል ሞቀን፣ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን፣ በቃ።

ለመርከቡ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለዛ ባዶ መስመር ነው። ለሠራተኞቹ 5።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣ ኮሪደር ላይ አውጥታችሁ ነው የምትተኙት፣ የጠዋት ልብሳችሁን አስቀሩ። ልጄ ጫማዎቿን በሙሉ አሽጋ ሰጠች፣ ማያሚ የወረደችው በመታጠቢያ ቤት ሸበጥ ነው። ጠዋት ደረሰኛችንን ይዘን የተቀማ ዕቃ የሚመለስበት ቦታ ተሰለፍን። አንድ ወጣት መደርደሪያው ላይ ፈልጎ ካውያዋንና ምድጃውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠን፣ ሳቀልንም። አማቴ ቦርሳቸውን ከፍተው ወደኔ ጠጋ አሉና "ለዚህስ ልጅ ስንት ነው?" አሉኝ።