የባለእጅ ካራ ወይስ የፋብሪካ ቢላ? ወሎ ውስጥ ለሚገዛ ሰው

አረፋ ወይ ፋሲካ ሲቃረብ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ባለእጅ የቀጠቀጠውን ካራ ልግዛ ወይስ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን? ባቲ ሰኞ፣ ወልድያ ማክሰኞ፣ ደሴ ደግሞ ባሻችሁ ቀን ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ላይ ላዩን ነው፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ያነሳዋል። ቢላ እንዲህ አይመረጥም። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው። ብረቱ ከምን መጣ? እሳት ላይስ እንዴት ተያዘ?

ከባለእጁ ልጀምር። ጥሩ ካራ የሚወጣው ከባሌስትራ ነው። ባሌስትራ የመኪና ጭነት ተሸክሞ እየተለጠጠ እንዲመለስ የተሠራ ብረት ነው። ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ብረቱን እንዲጠነክር የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም።

ችግር የሚያመጣው ፌሮ ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ምንም ቢቀጠቀጥ ስለቱ እንደ ባሌስትራው አይጠነክርም። ተሞርዶ ሲያልቅ ግን በዓይን መለየት ይከብዳል። መጀመሪያ ላይ ይቆርጣል፤ አንድ በግ ተገፎ ሳያልቅ ይዶለዱማል። ስለዚህ ስትገዙ በግልጽ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ይሄ የባሌስትራ ነው?» ሙያውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

የፋብሪካው ቢላ አብዛኛውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት ነው። እንዳይዝግ የሚጠብቀው ክሮም ነው። የተለመደው የቢላ ብረት 13 በመቶ ገደማ ክሮም አለው። ጥሩ የሚባሉት የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዎች ላይ ክሮሙ ወደ 15፣ ካርቦኑም ወደ 0.5 በመቶ ይደርሳል። ርካሹ ግን ሌላ ነገር ነው። ከስስ ላሜራ ተቆርጦ፣ ጫፉ ተስሎ፣ ፕላስቲክ እጀታ የተገጠመለት ነው። ሽንኩርት ይከትፋል። አጥንት ሲነካው ስለቱ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬ ላርም። «ማግኔት ከያዘው እውነተኛ የማይዝግ ብረት አይደለም» የሚል ሻጭም ገዢም አለ። ለቢላ ይህ አይሠራም። በእሳት ሊጠነክር የሚችለው የማይዝግ የቢላ ብረት ማግኔት ይይዘዋል። እንደውም ማግኔት ጨርሶ የማይስበው የማንኪያና የሳህን ዓይነቱ ነው፤ እሱ በእሳት ስለማይጠነክር ለስለት አይመከርም።

አሁን ወደ እሳቱ። የቢላ ነገር ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ባለእጅ ጥላ ውስጥ የሚሠራው ፀሐይ ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የጋለ ብረት ቀለም የሚነበበው በደብዛዛ ብርሃን ነው። ወናፉ ሲነፋ ብረቱ ይቀላል። ወደ 770 ዲግሪ ሲጠጋ ማግኔት መያዙን ይተዋል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ባለእጁ በጉጠት አውጥቶ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚያች ቅጽበት ካራው እጅግ ይጠነክራል፤ ግን መሬት ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና ቀስ ብሎ 200 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይሞቃል። የተወለወለው ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይበቃዋል። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ለገጀራ እንጂ ለማረጃ አይሆንም። ይህን ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር በዓይኑ የሚለካ ሰው ፊት ቆሞ ዋጋ ማራከስ ለእኔ ይከብደኛል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት፣ ባለእጅ ይናቅ ስለነበር ነው። ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ መጥፋት አለበት።

ፋብሪካው ይህንኑ ሥራ በመቆጣጠሪያ ምድጃ ይሠራል። የፋብሪካው ብልጫ እዚህ ነው፤ አሥሩም ቢላ አንድ ዓይነት ይወጣል። የባለእጁ አንዱ ግሩም፣ ሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የባለእጁን መፈተን ግድ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞረድ ያዙ። የሞረዱን ጥግ ስለቱ አጠገብ አድርጋችሁ በቀስታ ግፉት። ሞረዱ ወዲያው ከነከሰና የብረት ብናኝ ካራገፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ተዉት። እየተንሸራተተ በጭንቅ ብቻ የሚነካው ከሆነ ጠንክሯል። አጠገባችሁ ቁራጭ ፌሮ ካለ እሱንም ሞርዱት፤ ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሞክሩ፤ «አይሆንም» ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

እጀታውን አትዝለሉት። ወይራ ወይም ቀንድ ጥሩ ነው። የካራው ጭራ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ክፍል፣ እስከ እጀታው መጨረሻ ቢደርስና ቢታሰር ይመረጣል። አጭር ጭራ ያለው፣ እጅ በደምና በሞራ ሲያሟልጭ ሊነቀል ይችላል። አንገቱ ላይ የናስ ቀለበት ካለ እንጨቱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል። ይህ ቀለበት ከጥይት ቀልሃም ሊሠራ ይችላል፤ ቀልሃ 70 በመቶ ገደማ መዳብ፣ ቀሪው ዚንክ ነው። ናስ ከካራው ብረት ተቃራኒ ጠባይ አለው። ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ግሎ ውኃ ሲነከር ደግሞ ይለሰልሳል። ስለዚህ ባለእጁ ቀለበቱን እየቀጠቀጠ፣ መልሶ እያጋለ ነው ቅርጽ የሚያስይዘው። ልጆች ግን ሜዳ ላይ ያገኙትን ጥይት ለዚህ ብለው እንዳያነሱ አደራ። ያልተተኮሰ ነገር አይነካም፣ እሳት አጠገብም አይደርስም።

እንግዲህ የቱን? ለማረድና ለመግፈፍ፣ ለቅርጫም ቢሆን፣ እኔ የተፈተነ የባሌስትራ ካራ እመርጣለሁ። ስለቱ ቢደክም ድንጋይ ላይ ቶሎ ይመለሳል። በእስልምናም እንስሳው እንዳይሰቃይ ቢላው ስል እንዲሆን ታዟል፤ ለዚህ ሥራ ርካሹ የላሜራ ቢላ አይታሰብም። ለማረጃ ረዘምና ቀጥ ያለ፣ ለመግፈፊያ አጠር ብሎ ሆዱ የተቆለመመ ውሰዱ። ሎሚ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ለሚቆረጥበት ወጥ ቤት ግን የማይዝገው ይሻላል። የባሌስትራው ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል፤ እርጥብ ካደረ ይዝጋል። በተለይ ደሴ ላይ፣ ጉሙ በማይገፈፍበት ክረምት፣ አጥቦ ማድረቅና ዘይት መቀባት ይጠይቃል። ቆዳ አፎት ውስጥም አታሳድሩት፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ይህን የማያደርግ ቤተሰብ የማይዝገውን ገዝቶ ቢገላገል ይሻለዋል። ባቲ ላይ የአፋሩ ጊሌ ዓይናችሁን ይስበው ይሆናል። ቆንጆ ነው፤ ግን ሁለት ስለት ያለው የሚታጠቅ ነገር ነው፣ ለሥጋ ሥራ አይመችም።

ሁለቱንም ስታስሉ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውን መሳያ ጠንቀቅ በሉ። ስለቱ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ እሳቱ የሰጠውን ጥንካሬ እዚያው ያጣዋል። እጅ ላይ ያለ ድንጋይና ውኃ ይበቃል።

የባለእጅ ካራ ካሰባችሁ ለበዓል ዋዜማ አታቆዩት። ያን ሰሞን ወረፋው ይበዛል፤ ችኮላ ደግሞ እሳቱ ላይ ይታያል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ፣ ርዝመቱን በስንዝር ለክታችሁ ንገሩ፣ ስትረከቡም ሞረዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።