በሰም የተለበጠው አማሪሊስ ወይስ የሰፈሩ?

«አማሪሊስ አበባ ልገዛ ነው፣ የቱን ልውሰድ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ሐዋሳ ከሆናችሁ ችግኝ ሻጮች ጋ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለውን ቀዩን ውሰዱ። ከውጭ በሳጥን የሚመጣውን፣ ራሱ (ተክሉ የሚበቅልበት ሽንኩርት መሳዩ ክፍል) በሰም የተለበጠውን ተዉት።

ሂሳቡን እንየው። ጎረቤቴ ለባለ ሰሙ 2,200 ብር ከፈለች። ያገኘችው አንድ ዘንግ፣ አራት አበባ፤ አንዱ አበባ 550 ብር ወጣበት ማለት ነው። አበባው ሲረግፍ «አድኚልኝ» ብላ አመጣችው። ሰሙን በቢላዋ ልጬ ብገለብጠው ታቹ ተቆርጧል፣ ሥር የሚወጣበት ቦታ የለም፤ እንዲቆም ደግሞ ሽቦ ተሰክቶበታል። ሻጩ «ውሃ አይፈልግም» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ በምኑ ይጠጣል? የሚያብበው ራሱ ውስጥ በያዘው ስንቅ ነው፤ ስንቁ ካለቀ አለቀ።

የሰፈሩን 300 ሲሉኝ በ220 ወስጃለሁ። ከተመቸው በየዓመቱ ያብባል፣ በጎኑም ልጆች ያወጣል። ልጆቹ እስኪያብቡ ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃሉ፤ ግን በነፃ ናቸው። የቀለም ምርጫ ብዙ የለም፣ እሱ እውነት ነው።

ማጭበርበሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳያብብ «ይሄ ነጭ ድርብ ነው» ብለው ዋጋ ይቆልላሉ። ራሱን አይቶ ቀለሙን የሚለይ ሰው የለም፤ አበባውን በዓይናችሁ ካላያችሁ ከቀዩ ዋጋ አትለፉ። ክሪነም የሚባለውን፣ አማሪሊስን የሚመስል ሌላ ተክልም አማሪሊስ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። የክሪነም ራስ አንገቱ ረዥም ነው፣ ቅጠሉም ዙሪያውን ይበተናል፤ የአማሪሊስ ግን ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይወጣል። ካበበ ደግሞ ዘንጉን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት፤ የአማሪሊስ ውስጡ ባዶ ነው፣ የክሪነም ድፍን።

ከመክፈላችሁ በፊት ራሱን በጣት ጫን ጫን በሉት። ጠንካራ መሆን አለበት። ቅጠሉ ወይም ዘንጉ ላይ ቀይ፣ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ካለ ፈንገስ ነው፤ በ50 ብርም አትውሰዱት፣ ቤት ያሉትን ይበክላል።

ስትተክሉ የራሱ ሲሶ ከአፈር በላይ ይቅር፤ ሙሉ የተቀበረና ውሃ የተኛበት ይበሰብሳል። ታቹ ጤነኛ ከሆነ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጥላ ላይ አድርቁና መልሳችሁ ትከሉት። ባለ ሰሙ ይህ ዕድል እንኳ የለውም።

ገዝታችሁ ስትገቡ ከሽንኩርት ቅርጫት አርቁት፤ ራሱ ልክ ሽንኩርት ይመስላል፣ ግን መርዝ ነው።