ራሳቸውን ለሚጎዱ ልጆች ወላጆች የተዘጋጀ የኢንተርኔት ሥልጠና፦ ግምገማ

ልጆቻቸው ራሳቸውን ለሚጎዱ ወላጆች በኢንተርኔት የሚሰጠውን ይህን አጭር ሥልጠና እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ ለከፈልኩት ገንዘብ ባልቆጭም አንዱ ክፍል እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

ብርታቱ ወላጅ የሚያነሣውን ጥያቄ ከሥሩ መለወጡ ነው። ብዙ ሰው «ትኩረት ፈልጋ ነው» ብሎ ይደመድማል። አሠልጣኟ ግን አብዛኞቹ ወጣቶች ጉዳታቸውን ከሰው ዐይን እንደሚሰውሩ ካስታወሱ በኋላ፣ ድርጊቱ መሸከም ያቃታቸውን ሐዘን፣ ንዴት፣ ኀፍረት ወይም የመደንዘዝ ስሜት ለጊዜው እንደሚያበርድላቸው፣ እፎይታው ቶሎ ስለሚያልፍና የጭንቀቱ ምንጭ ግን ባለበት ስለሚቆይ ደጋግመው ወደዚያው እንደሚመለሱ በእርጋታ ያስረዳሉ። ብዙ ጊዜ ለመሞት ታስቦ ባይደረግም፣ ራሱን የጎዳ ሰው ኋላ ላይ ራሱን የማጥፋት ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል ሳይሸፋፍኑ መናገራቸውም ተገቢ ነው።

በጣም የጠቀመኝ አንዲት እናትና ልጅ የሚነጋገሩበት ቪዲዮ ነው። እናትየዋ መጀመሪያ «እኔ ምን አጎደልኩብሽ?» ብላ ስትጮኽ ልጅቷ እጅጌዋን ወደ ታች ስባ ፊቷን ታዞራለች። ትዕይንቱ እንደገና ሲጀመር እናትየዋ አጠገቧ ትቀመጥና «የከበደሽ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ አልቆጣሽም» ትላታለች፤ ቆየት ብላም መሞት አስባ ታውቅ እንደሆነ በግልጽ ትጠይቃታለች። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ እንደማይተክል እዚያው ተብራርቷል።

ስለ ሕክምና የተነገረው ግን ጥድፊያ ይታይበታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ላይንሃን የቀረጹት ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለው የንግግር ሕክምና ስሜትን የመግራትና የጭንቅ ሰዓትን ራስን ሳይጎዱ የማለፍ ክህሎት የሚያስተምር ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ብቻ ተጠርቶ ታልፏል።

እንዲወጣ የምፈልገው ወላጁ ስለ ልጁ ሞልቶ ነጥብ የሚደምርበትን መጠይቅ ነው። ነጥቡ አነስ ሲል «ዝቅተኛ ስጋት» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ብቅ ይላል። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ባለሙያዎች እንኳ እንዲህ ባለ መለኪያ ራስን መጉዳት ይደገም እንደሆነ ወይም ራስን ማጥፋት ይከተል እንደሆነ እንዳይተነብዩ በግልጽ አሳስቧል፤ በጭንቀት ላይ ያለ ወላጅ ደግሞ አረንጓዴውን ሲያይ ሐኪም ዘንድ መሄዱን ሊተወው ይችላል።

መነጋገር ለጠፋበት ቤት ሥልጠናውን፣ መጠይቁን ዘለው እንዲከታተሉት እመክራለሁ። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ቪዲዮ የሚታይበት ጊዜ አይደለም፤ ብቻውን ሳይተዉት በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።