ከፈተናው በፊት ወይስ በኋላ?

ከችግረኛ ቤተሰብ የወጡ ልጆችን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ሁለት መንገዶች ይታዩኛል፦ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት በማጠናከሪያ ትምህርት መደገፍ፣ ወይም ማለፊያ ነጥብ ላልሞላላቸው በኋላ የሚሰጠው የሪሚዲያል ፕሮግራም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም፣ ለብዙዎች የተዘጋውን በር መልሶ እንደከፈተ አልክድም። ይሁንና ተማሪው የዓመታትን ጉድለት በጥቂት ወራት እንዲሞላ ይጠበቅበታል፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልተመደበው ደግሞ በግል ተቋም ከፍሎ መማር ስላለበት፣ ድሃው እዚህም ላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

የመጀመሪያው መንገድ አዝጋሚ ቢሆንም እኔ ወደ እሱ አደላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ ሒሳብ የማስጠናት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፤ እሷም ማልዳ ለየደንበኛው አድርሳ፣ እጇ ገና ሊጥ ሊጥ እየሸተተ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታ ታነባለች። ወንበሩንም መጽሐፉንም በነጻ አግኝታለች፤ ያጣችው ያልገባትን የምትጠይቀው ሰው ነበር። ሎጋሪዝም ያስቸገራት ክፍልፋይን ከሥሩ ስላልያዘች መሆኑን የደረስንበት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እንዲህ ያለ ክፍተት፣ መምህሩ ምዕራፍ ለመጨረስ በሚሯሯጥበትና ተማሪ በበዛበት የሪሚዲያል ክፍል ውስጥ በቀላሉ አይታይም። ይህን ክፍተት ማግኘት ከእኛ የጠየቀው ግን ደብተር፣ የታክሲ ሳንቲምና በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።